ከውሃው በፊት ዋናተኛውን ማወቅ

«የመንዝ ሰው ስለ ባሕር ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። አገሩ ደጋ ነው፤ ልብሱ በርኖስ፥ ከብቱ በግ፥ እህሉ ገብስ ነው፤ ባሕሩም ከዚያ እጅግ ይርቃል። እኔም ብሆን፥ በአባቴ የመርሐቤቴ በእናቴ የመንዝ ልጅ፥ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ሰው፥ ፈረንጆች ስኩባ ብለው ስለሚጠሩት፥ አየር በጀርባ ተሸክሞ ከውሃ በታች ስለ መጥለቅ፥ በእሑድ ገጽ ላይ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ውሃ ልገባ ስል ሁለት ሰዎች ከለከሉኝ። አንደኛው የመርሐቤቴ ቆላ ዋናተኛ ናቸው፤ ሁለተኛው በጅቡቲ የጠላቂዎች ሱቅ ያለው ሰው ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ቋንቋቸውም ኑሯቸውም የተለያየ ነው። የነገሩኝ ነገር ግን አንድ ሆነ።

ይህን ነገር ለራሴ ብቻ ይዤ ብቀር ነውር ይሆንብኛል። ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ብዙዎቹ ዛሬ በየወረዳው ተመድበው የመንግሥት ሥራ ይዘዋል። ገና በትምህርት ላይ ያሉትም ነገ ይከተሏቸዋል። ወደማያውቁት አገር ሲሄዱ ብዙ ነገር ይዘው ይሄዳሉ፤ ዲፕሎማቸውን፥ ኮምፒዩተራቸውን፥ የመመሪያ ጥራዛቸውን። የአገሩን ውሃ የሚያውቀውን ሰው ለመተዋወቅ ግን አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት የሚደርሰውን ጉዳት በዓይኔ ስላየሁ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት።

በሦስት ወገን ውሃ

መንዝ ደጋ መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ በውሃ የታጠረ አገር መሆኑን ግን የሚያስተውል ጥቂት ነው። በደቡብ ሞፈር ውሃ፥ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፥ በሰሜን ቀጨኔ ይከቡታል። ውሃ ያልከበበው ምሥራቁ ብቻ ሲሆን፥ በዚያም በኩል ከይፋት የሚለየው የተራራ ሰንሰለት ቆሞበታል። ማማ፥ ላሎና ጌራ፥ ግሼም ጭምር፥ አብዛኛውን ዝናባቸውን ወደነዚህ ሸለቆዎች ያፈሳሉ። ውሃው ተሰብስቦ ወደ ጀማ ይወርዳል፤ ጀማም የመርሐቤቴን ደቡብ ታክኮ ወደ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ በጓሳ ሣር ላይ ያረፈችው የዝናብ ጠብታ መንገዷ ረዥም ነው፤ የሚያደርሳትም ቁልቁለት ኃይለኛ ነው።

አደጋውም ከዚህ ቁልቁለት ይመጣል። በነሐሴ ከሰዓት በኋላ በቆላው ፀሐይ ሊሆን ይችላል። መንገደኛው ሰማዩን አይቶ፥ ወንዙም እስከ ጉልበት ብቻ መሆኑን አይቶ፥ ልብሱን ሰብስቦ ይገባል። እላይ በደጋው ግን ከጥቂት ሰዓት በፊት ዝናቡ ወርዷል። ያ ዝናብ በየሸለቆው እየተጠራቀመ፥ አፈርና ግንድ እየጠረገ፥ ባልዘነበበት ቦታ ድንገት ይደርሳል። አገሩ ደራሽ ውሃ የሚለው ይህንኑ ነው። ከዳር ቆሞ ለሚያየው ሰው ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር፥ መሐል ለገባው ሰው የዕድሜው መጨረሻ ይሆናል።

ድልድይ የለም አልልም። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ በጀማ ላይ ድልድይ አለው፤ መኪናም ያልፍበታል። ነገር ግን ገበሬው ሁሉ በመኪና መንገድ ዳር አይኖርም። ወደ ገበያ፥ ወደ ለቅሶ፥ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሰው የሚያቋርጠው በቅርብ ያገኘውን መሻገሪያ ነው። በዚያ መሻገሪያ ላይ ነው ዋናተኞቹ የሚገኙት።

«ገንዳው ድንጋይ ያንከባልላል?»

ባለፈው ነሐሴ የአያቴን ዘመዶች ለመጠየቅ ወደ ቆላው ወረድሁ። ከወንዙ ዳር ስደርስ ሰው ተሰብስቦ ተቀምጧል፤ አህዮችም ጭነታቸው ወርዶላቸው ሣር ይነጫሉ። ውሃው እስከ ደረት ይሆናል ብዬ ገመትሁ። እኔ ደግሞ ዋና አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ ተማሪ ሳለሁ በአዲስ አበባ በአንድ የመዋኛ ገንዳ ሁለት ክረምት ተምሬአለሁ። ስለዚህ ጫማዬን አውልቄ በአንገቴ አንጠለጠልሁና ወደ ውሃው ተራመድሁ።

አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ድንጋይ ሳይነሡ «አንተ ልጅ፥ ወዴት ነህ?» አሉኝ።

«ልሻገር ነው፥ ጋሼ፤ ዋና እችላለሁ» አልሁ።

«የት ተማርህ?»

«አዲስ አበባ፥ በገንዳ።»

«ገንዳው ድንጋይ ያንከባልላል?»

«የለም፥ አያንከባልልም።»

«እንግዲያውስ ውሃ ገብተህ ታውቃለህ እንጂ ወንዝ ገብተህ አታውቅም። ና፥ ተቀመጥ።»

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አፍሬ ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ትምህርት ግን በገንዳው ዘመኔ ሁሉ ካገኘሁት የበለጠ ነው። ሽማግሌው ከውሃው ዳር አንዲት ድንጋይ አኖሩ፤ ውሃው ድንጋይዋን ከሸፈናት ወንዙ እየሞላ ነው፥ ከራቃት እየጎደለ ነው ማለት ነው። ጆሮዬን ወደ ውሃው እንዳቀርብ አዘዙኝ፤ ከሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። «ይህ ድምፅ ሳለ ማንም አይገባም፤ ውሃው ባይጥልህ ድንጋዩ እግርህን ይሰብረዋል» አሉኝ። ቀለሙ ደፍርሶ፥ አረፋውም ቅጠልና እንጨት ይዞ ሲመጣ እላይ አዲስ ዝናብ እንደ ወረደ ያስረዳል። መሻገሪያውም ጠባቡ ስፍራ አይደለም፤ ሰው ጠባቡን ያጭራል ብሎ ይመርጠዋል፥ ነገር ግን ወንዝ በጠበበበት ይጠልቃል፥ ይበረታልም። የሚመረጠው ውሃው ተዘርግቶ የሚሄድበት ነው። የሚገባውም ሰው ከሚወጣበት ስፍራ ከፍ ብሎ ይገባል፤ ውሃው ወደ ታች እንደሚገፋው አስቀድሞ ያስባልና። ውሃው እግሩን ከነቀለውም ታግሎ ለመቆም አይሞክርም፤ በጀርባው ተንሳፎ እግሩን ወደ ፊት ያደርጋል፥ ድንጋዩን በእግሩ እንዲያገኘው እንጂ በራሱ እንዳይሆን።

ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። ድንጋይዋ ከውሃው ራቀች፤ የሥሩም ድምፅ ቀነሰ። በዚያን ጊዜ ሽማግሌውና ሁለት ጎልማሶች ተነሡ። አንዱ ገመድ ይዞ በዳር ቀረ፤ ሁለቱ በአየር የተነፋ የፍየል ስልቻ ይዘው በየተራ ያሻግሩን ጀመር። ነፍሰ ጡር ሴት አሻገሩ፥ ሕፃን አሻገሩ፥ የአንድ ነጋዴ ጨው አሻገሩ፤ በመጨረሻ እኔን አሻገሩኝ። የያዝሁት ስልቻ ነበር እንጂ ዋናዬ ምንም አልፈየደም። ከወዲያኛው ዳር ደርሼ ወደ ኋላ ስመለከት፥ እኔ ልገባበት ያሰብሁት ስፍራ ጥቁር አዙሪት መሆኑን አየሁ።

አንድ ወዳጅ ነበረኝ

ይህን ታሪክ እንደ ጨዋታ ብቻ አድርጌ ባቀርበው ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ከእኔ አንድ ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ወዳጅ ነበረኝ። በዩኒቨርሲቲ ሳለን መጽሐፍ ያውሰኝ፥ ስታም ያስታምመኝ ነበር። በሌላ ወረዳ ተመድቦ ሥራ ከጀመረ ስምንት ወር ሳይሞላው፥ በሐምሌ አንድ ቀን ከቀበሌ ወደ ወረዳ ሲመለስ ከወንዝ ደረሰ። ዋናተኞቹ «ዛሬ አይሆንም፥ እዚሁ ይደሩና በማለዳ እናሻግርዎታለን» አሉት። እርሱም «ነገ ጧት ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ገባ።

ሬሳው በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ያገኙትም እነዚያው የከለከሉት ሰዎች ናቸው፤ ገመድ በወገባቸው አስረው፥ እየተፈራረቁ ከአዙሪቱ ሥር ጠልቀው አወጡት። የሰዎቹን ስም ለቤተ ሰቡ ለመንገር ፈልጌ ስለ አደጋው የተጻፈውን ሪፖርት ጠይቄ አነበብሁ። «በአካባቢው ኅብረተሰብ ትብብር አስከሬኑ ተገኝቷል» ይላል። ስም የለም። ስብሰባውም፥ እንደ ሰማሁት፥ ሊቀ መንበሩ ስላልመጣ ለሌላ ቀን ተላልፎ ነበር።

ወዳጄ ሰነፍ አልነበረም፤ ትዕቢተኛም አልነበረም። ስምንት ወር ሙሉ በዚያ ወረዳ ሲሠራ የግብርናውን ኃላፊ፥ የፖሊሱን አዛዥ፥ የባንኩን ሥራ አስኪያጅ ተዋውቋል። ዋናተኞቹን ግን የተዋወቃቸው በዚያን ዕለት ነው። የማያውቁትን ሰው ምክር መቀበል ከባድ ነው፤ የሚያውቁት ሰው «ቆይ» ሲል ግን ይቆማል። የመተዋወቅ ጥቅሙ ይህ ነው።

የጅቡቲው ባለሱቅ

ከዚህ ነገር በኋላ ውሃን ፈራሁ፤ ፍርሃቴም አሳፈረኝ። ስለዚህ በጥር ወር ከሁለት ጓደኞቼ ጋራ በባቡር ወደ ጅቡቲ በወረድን ጊዜ፥ እነርሱ ወደ ገበያ ሲሄዱ እኔ ከወደቡ አጠገብ ወደ አንድ የጠላቂዎች ሱቅ ገባሁ። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት ዌል ሻርክ የሚባለው፥ ከዓሣ ሁሉ የሚገዝፈው፥ ሰው ግን የማይነካው ፍጥረት ይታያል፤ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶችም በኮራላቸው የታወቁ ናቸው። ይህን አንብቤ ስለ ነበር ጎመጀሁ።

ባለሱቁ አማርኛ ይሰማል። እኔ ዋጋ ስጠይቅ እርሱ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፤ አስም አለብህን? ጆሮህን ያምሃልን? ልብህስ? የምትወስደው መድኃኒት አለን? መለስሁለት። የመጀመሪያውን ቀን ከወገብ በማያልፍ ውሃ ውስጥ ብቻ አዋለኝ፤ በአፍ መተንፈስን፥ መነጽር ውስጥ የገባ ውሃ ማስወጣትን አስተማረኝ። ከሁሉ አስቀድሞ ያስጠናኝ ሕግ «ወደ ላይ ስትወጣ ትንፋሽህን አትያዝ» የሚለውን ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ከባሕር ወለል በታች በየ10 ሜትሩ የውሃው ግፊት በአንድ የአየር ግፊት ልክ ይጨምራል። በ10 ሜትር ጥልቀት የተሞላ ሳንባ ሳይተነፍስ ወደ ላይ ቢወጣ አየሩ እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ የመርሐቤቴ ስልቻ ትዝ አለኝ፤ በ10 ሜትር ጥልቀት አጥብቀው የሞሉት ስልቻ ወደ ላይ ሲወጣ ይፈነዳል። የሰው ሳንባም ከስልቻ አይጠነክርም።

በሁለተኛው ቀን ከእርሱ ጋራ ጥቂት ሜትር ጠለቅሁ። ያየሁትን ለመናገር ሌላ እሑድ ያስፈልገኛል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ደግሞ ገንዘቤን ይዤ ስመጣ ባለሱቁ «መቼ ነው የምትመለሰው?» አለኝ።

«ዛሬ ማታ፥ ከዚያም በቀጥታ ወደ መንዝ እናቴ ዘንድ ለበዓል እሄዳለሁ» አልሁት።

«መንዝ ከፍታው ስንት ነው?»

«መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።»

ገንዘቤን ወደ እኔ ገፋው። «እንግዲያውስ ዛሬ አትጠልቅም» አለኝ። ሠላሳ ደንበኛ ያለው ሱቅ አልነበረም፤ በዚያ ማለዳ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም።

ምክንያቱን ያስረዳሁ ዘንድ አንባቢ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ያስብ። ጠርሙሱ እስኪከፈት ድረስ ጋዙ በውሃው ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል፤ አይታይም። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ስለሚቀንስ አረፋው ይፈላል። ጠላቂም በግፊት ውስጥ ሲተነፍስ በአየሩ ያለው ናይትሮጂን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ፥ ከወጣም በኋላ በቂ ጊዜ ከቆየ፥ ናይትሮጂኑ በትንፋሹ ይወጣል። ፈጥኖ ከወጣ ወይም ወዲያው ወደ ከፍተኛ አገር ከሄደ ግን አረፋው በሰውነቱ ውስጥ ይፈላል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፥ አካልን ያሽመደምዳል፥ ይገድላልም። ስለዚህ ጠላቂዎች በአውሮፕላን ከመሳፈራቸው በፊት አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፥ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። የአውሮፕላን ውስጠኛ አየር የሚስተካከለው እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ካለው ከፍታ ጋራ ነው። አዲስ አበባ ራስዋ ከዚያ ብዙ አታንስም፤ መንዝ ደግሞ ይበልጠዋል። እንግዲህ የመንዝ ሰው ጅቡቲ ጠልቆ ወደ ቤቱ ሲገባ በአውሮፕላን ከሚበር ሰው በላይ ወጥቷል ማለት ነው። በባቡርና በአውቶቡስ መሄዱ አያድነውም፤ ከፍታው ከፍታ ነውና። ሊቆይ የሚገባውም ጊዜ ከአውሮፕላኑ ተሳፋሪ ይበልጣል።

ይህ ለእኛ ለደገኞች የተለየ ትምህርት ነው። የባሕር ጠላቂ የሚመራበት ሰንጠረዥ ለባሕር ወለል የተሠራ ነው፤ ከ300 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ስሌቱ ይለወጣል። በደቡብ ወሎ ያለው የሐይቅ ሐይቅ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል፤ ከፍታውም 2,000 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ወጣት በባሕር ዳርቻ የተማረውን ይዞ በዚያ ልጥለቅ ቢል፥ ጥልቀቱን በሜትር ለክቶ አደጋውን ግን ሳይለካ ይገባል። ደግሞም 30 ሜትር ገደማ ሲደርሱ ናይትሮጂኑ ራስ ላይ ይወጣል፤ ጠላቂው ጠጅ እንደ ጠጣ ሰው ደስ ይለዋል፥ የሚያስፈራውን አይፈራም። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ስለ ወንዝ ነበር፤ ስለ ባሕርም እውነት ሆኖ ተገኘ።

ከመሣሪያው በፊት ሰው ነበረ

ዛሬ የምናውቀው የጠላቂ መሣሪያ ሽማግሌ አይደለም። ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን አየርን እንደ ትንፋሹ ልክ የሚሰጠውን መሣሪያ የሠሩት በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ ከ1952 እስከ 1953 እ.ኤ.አ.፥ የኢጣልያ ጠላቂዎች ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጥተው የባሕሩን ሥር ፊልም አነሡ፤ ፎልኮ ኪሊቺ ያዘጋጀው ያ ፊልም በ1954 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዳህላክ ዛሬ የኤርትራ ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ከመምጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የቀይ ባሕር ሉል ጠላቂዎች ያለ መነጽርና ያለ ጎማ ልብስ፥ ድንጋይ ይዘው እየሰጠሙ፥ ትንፋሻቸውን ቋጥረው ሉል ያወጡ ነበር። መሣሪያው አዲስ ነው፤ ሙያው ግን ጥንታዊ ነው።

ይህን የማነሣው ለከንቱ ትምክህት አይደለም። ከእኛ ዘንድ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የቀደመውን አዋቂ መርሳት ልማድ ስለ ሆነ ነው። የጓሳን ሣር የመንዝ ሕዝብ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት፥ በአባ ቄራ እየተመራ፥ ከጥንት ጀምሮ ጠብቆ ኖሯል፤ ዛሬ ሊቃውንት መጥተው የሚያጠኑት ያንኑ ነው። የወንዙም ዕውቀት እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፥ ስለ ጓሳው ተጽፏል፤ ስለ ዋናተኛው ግን ገና አልተጻፈም።

እንዴት እንተዋወቅ?

ወደ ባሕር የሚወርድ ወጣት ቢኖር የጠላቂዎችን ሱቅ በዋጋው አይምረጥ። ጥሩው ሱቅ በጥያቄው ይታወቃል። ከዋጋው በፊት ስለ ጤናህ የሚጠይቅ፥ የምስክር ወረቀትህን የሚያይ፥ ወረቀት ከሌለህ ከዝቅተኛው ውሃ የሚጀምር፥ ከማን ጋራ እንደምትገባ የሚነግርህ፥ የአየር ሲሊንደሩ መቼ እንደ ተመረመረ በላዩ የታተመውን ቀን ሳይቆጣ የሚያሳይህ፥ እርሱ ጥሩ ሱቅ ነው። ጀማሪ ከ18 ሜትር በታች እንዳይወርድ፥ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሁሉ ከ40 ሜትር እንዳያልፍ ልማዱ ይከለክላል፤ «ለአንተ ግድ የለም» የሚል ባለሱቅ ቢገጥምህ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ። ዕቃ ለመግዛትም አትቸኩል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መነጽር ብቻ ብትገዛ ይበቃል፤ እርሱንም ማሰሪያውን ሳታጠብቅ በፊትህ ላይ አድርገህ በአፍንጫህ ሳብ፥ ከተጣበቀ ልክህ ነው።

ጠላቂዎች ብቻቸውን አይገቡም። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሌላውን መሣሪያ ይመረምራል፤ አንዱ «በቃኝ» ካለ ሁለቱም ይወጣሉ፥ ምክንያቱም አይጠየቅም። የመርሐቤቴዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት በውሃው፥ አንድ በዳር። ከመካከላቸው አንዱ «ዛሬ ልቤ አልወደደውም» ቢል ማንም አያፌዝበትም። ይህ ሥርዓት በመሥሪያ ቤቶቻችን ቢኖር ምንኛ መልካም ነበር!

በወረዳ የተመደበ ወጣት ሹም ደግሞ የሚያደርገው ይህ ነው። ክረምቱ ሳይገባ፥ በሰኔ መጀመሪያ፥ በየመሻገሪያው ይውረድ። ዋናተኞቹን ይጠይቅ፥ አብሯቸውም ይቀመጥ፤ ስማቸውንም በመዝገብ ይጻፍ። ገመድና መንሳፈፊያ ጃኬት ይስጣቸው። ዋጋው ወረዳው ለአንድ ስብሰባ ምሳ ከሚያወጣው አይበልጥም። ከዳር ቀለም የተቀባ እንጨት ይትከልና ውሃው ከቀዩ ሲደርስ ማንም እንዳይገባ ያውጅ። ስብሰባውን ሰው ከሰዓት በኋላ ወንዝ እንዲሻገር በማያስገድድ ሰዓት ያድርግ። የእግር ድልድይ የሚሠራ ሲሆንም ቦታውን ከመሐንዲሱ ጋራ እነርሱ ይምረጡ፤ ወንዙ የት እንደሚሰፋ፥ የት እንደሚቆፍር በዕድሜያቸው ሁሉ አይተዋልና። የትምህርት ቤቱም መምህር በበጋ፥ ውሃው በጎደለ ጊዜ፥ ልጆቹን ይዞ ይውረድና ዋናተኛው ያስተምርለት።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300,000 ያህል ሰው በዓለም ላይ በውሃ ሰጥሞ ሞቷል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ ግማሽ ያህሉም ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በታች ነው። የተባበሩት መንግሥታት በዚያው ዓመት አንድ ቀን ለዚህ ጉዳይ መታሰቢያ እንዲሆን ወስነዋል። ቀኑ በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 18፥ የገብርኤል ዋዜማ ነው። ወንዞቻችን በሞሉበት፥ ሕዝቡም ወደ ንግሥ በሚጓዝበት ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚህ የሚሻል ቀን ቢመረጥ አይገኝም ነበር፤ በየወረዳው ግን ሲታሰብ አላየሁም።

አንዳንድ ሰው «ድልድይ ቢሠራ ዋናተኛ ምን ያደርጋል?» ሊል ይችላል። ድልድዩ ይሠራ፤ እኛም እንጠይቃለን። ነገር ግን ድልድይ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ክረምት ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል። ድልድዩ እስኪደርስ ድረስ ሕዝቡ የሚሻገረው በሰው ትከሻ ነው። ያን ትከሻ ማወቅና ማክበር በጀት አይጠይቅም።

በነሐሴ ከወንዙ ማዶ ከደረስሁ በኋላ ሽማግሌውን ገንዘብ ልሰጣቸው ብል ጥቂቱን ተቀብለው የቀረውን መለሱልኝ። «ጋሼ፥ ስምዎን ማን ልበል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሳሻግር፥ ከማዶ ደርሶ ስሜን የጠየቀኝ ስንት ሰው መሰለህ?» አሉኝ። ከዚያም ነገሩኝ።

ስማቸውን በዚህ ገጽ አልጽፈውም። ሊጻፍ የሚገባው በወረዳቸው መዝገብ ነው፤ የሚጽፈውም፥ ወጣቱ ሹም ሆይ፥ አንተ ነህ።